የኋላ ሞላ የሌላት ሳይክል

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በሩዝ አጨዳ ወቅት ነው። ከባለቤቴ በቀር ለማንም አውርቼው አላውቅም። የሰዎቹን ስም ለውጬዋለሁ። የምጽፈውም ብቻዬን መንገድ ስሄድ እየመጣ ስለሚያስቸግረኝ ነው።

ሥራዬ ላም ማዳቀል ነው። የተወለድኩት ወሎ ነው፤ ለሥራ ተመድቤ መጥቼ ወረታ ቀረሁ። አግብቼ የወለድኩትም እዚሁ ነው። በፎገራ ሜዳ ያሉትን ቀበሌዎች እየዞርኩ ስለማዳቅል ገበሬው "ዶክተር" ይለኛል። ዶክተር እንዳልሆንኩ ደጋግሜ ነግሬ አልሰማ ሲሉኝ እኔም መንገሩን ተውኩት።

ላም ኮርማ ስትፈልግ ቀጠሮ አትሰጥም። ባለቤቱ ይደውላል፤ በዚያው ቀን ካልተደረሰላት ያልፋታል። ድሮ በሞተር ሳይክል እሮጥ ነበር። ቤንዚን እየጠፋ ሲያስቸግር ግን ሞተሬ ከቤት ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበት ጀመር። በእግሬ የማልደርስባቸው ገበሬዎች መቀየም ሲጀምሩ፣ ጎማዋ ወፍራም የሆነ፣ ጭቃና አሸዋ የማይዛት ባለ ባትሪ ሳይክል ባሕር ዳር እንደሚሸጥ ሰማሁና ከባለቤቴ ጋር ሄድን።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበረች። አንዷ የፊትም የኋላም ሞላ አላት። ሌላዋ ሞላዋ የፊት ብቻ ነው፤ ኋላዋ ድርቅ ያለ ብረት ነው። ሁለቱንም ከሱቁ ጀርባ ባለው ኮረኮንች ላይ ነዳኋቸው። ሁለት ሞላ ያላት ፍራሽ ላይ እንደ መቀመጥ ናት፤ ድንጋዩን ትውጠዋለች። ሌላዋ ድንጋዩን አንድ በአንድ ወገቤ ላይ ቆጠረችልኝ።

ባለቤቴ የወገቤን ነገር ስለምታውቅ "ይችን ለስላሳዋን ውሰድ" አለችኝ። "ማታ ማታ ስትቃትት የምሰማው እኔ ነኝ።"

እኔ ግን የምሸከመው ዕቃ ነበረብኝ። የኮርማው ዘር የሚቀመጠው በፈሳሽ ናይትሮጅን በተሞላ እንስራ በሚመስል ከባድ ዕቃ ውስጥ ነው። እሱ ከተገለበጠ የወራት ሥራ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሻጩን ጠየቅሁት።

"ሁለት ሞላ ያላት ከኋላ ከባድ ነገር አትችልም" አለኝ። "ኋላዋ ስለሚወዛወዝ ጠንካራ መጫኛ አይታሰርባትም። ድርቋ ግን በሬም ቢሆን ትጭናለች።"

ወገቤን ትቼ ዕቃውን መረጥኩ። ድርቋን ገዛኋት። ብየዳ ቤት ወስጄም ሰፊ የብረት መጫኛ አሠራሁላት።

ክረምቱን ደህና አሳለፈችኝ። ውሃው ሸሽቶ ሜዳው መድረቅ ሲጀምር ነው የሳይክሏን ክፋት ያየሁት። የፎገራ መሬት ዋልካ ነው። ከብት በጭቃው ወቅት የረገጠው የኮቴ ጉድጓድ እንዳለ ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። በዚያ ላይ መንዳት ምን እንደሚመስል የነዳው ያውቀዋል።

ያን ዕለት ጠዋት ይርዳው የሚባል ወጣት ገበሬ ደወለልኝ። ላሙ ኮርማ ፈልጋለች። ቤቱ ወደ ጣና ከሚጠጉት መንደሮች በአንዱ ነው። ዕቃዬን ጭኜ በዙሪያው ባለው ረጅሙ የእግር መንገድ ሄድኩ።

ስደርስ ይርዳው ከደጅ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ ዝቅ እያደረገ ኔትወርክ ይፈልጋል። ሰላምታም አልሰጠኝም።

"ላሟ የት አለች?" አልኩት።

"ላሟን ይተዋት ዶክተር" አለኝ። "ባንችን ምጥ ይዟት አልፈታት አለ።"

ባንቺ ሚስቱ ናት፤ ገና ልጅ እግር፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ምጡ የጀመራት ከዋዜማው ነበር። ቤት እንድትወልድ ያሰበ አልነበረም፤ ጤና ጣቢያ ሊወስዷት ሲሉ ቦዩ ላይ ያለው የእንጨት ድልድይ ወድቆ አገኙት። የጤና ኤክስቴንሽኗ አምቡላንስ ጠርታለች። አምቡላንሷ መጥታለች፤ ግን ከድልድዩ ወዲያ ማዶ፣ ከጥርጊያው መንገድ ላይ ቆማለች። እስከዚያ በቃሬዛ መውሰድ ያስፈልጋል። ወንዱ ሁሉ ደግሞ ርቆ አጨዳ ላይ ነው። ሰው ተልኮባቸዋል፤ አንድም ሰው አልመጣም።

ከውስጥ የባንቺ ድምፅ ይሰማል። ጩኸት አይደለም። ከደከመ ሰው የሚወጣ ማቃሰት ነው። ላሞች ሲያምጡ ብዙ አይቻለሁ። ድምፁ እንዲህ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ይርዳው ሳይክሏን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"ትሸከማታለች?"

"ትሸከማታለች። ግን መንገዱ ..."

"መንገዱን አውቀዋለሁ" አለ።

እናቱ እማማ ጥሩዬ ከቤት ወጡ። የተባለውን ሲሰሙ ራሳቸውን ይዘው "ምን ትላለህ አንተ!" አሉት። "ምጥ የያዛትን ሴት በዚህ ብረት ላይ? ተኝታ እንጅ ተቀምጣ ትሄዳለች? ደሞ ከሰው ወንድ ጀርባ ተለጥፋ፣ እግሯን አንፈራጣ! ሰዎቹ እስኪመጡ እንጠብቅ።"

"ነውሩ ይቆየን እማየ" አላቸው ይርዳው። "እስኪመጡ ትሞትብኛለች። እኔ ነኝ ባሏ፤ ትሂድ ብያለሁ።"

እማማ ጥሩዬ ገብተው ያላቸውን ጋቢና ብርድ ልብስ ይዘው መጡና መጫኛው ላይ ደራርበው አነጠፉ። ናይትሮጅኑን አውርጄ ከቤታቸው አስቀመጥኩ። ባንቺን ደግፈው አወጧት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አፍራ እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኔን አላየችም። ከኋላዬ አስቀመጧትና ይርዳው በነጠላዋ ወገቧን ከወገቤ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ሆዷ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

"አይዞሽ" አላት። "ከኋላ እደርሳለሁ።"

ሞተሩን አስነሳሁ።

መጀመሪያ ይርዳው ከጎናችን ይሮጥ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ወደ ኋላ ቀረ። የእግሩን ኮቴ ከዚያም ጥሪውን ሰማሁ፤ በኋላ ምንም አልሰማሁም።

መንገዱ በሩዝ ማሳዎች መካከል የሚሄድ የከብት መሄጃ ነው። ግራ ቀኙ ያልታጨደ ሩዝ ነው፤ የምወጣበት ለስላሳ ዳር የለም። የፊት ሞላው ለእኔ እጅ ይራራል። የኋላው ምቱን ሁሉ ለእሷ ይሰጣታል። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ትንፋሿ አንገቴ ላይ "እህ" ይላል። ቀስ ስል ምጡ ይመጣባትና ትከሻዬን በጥርሷ ትይዘዋለች። ስፈጥን ብረቱ ያነጥራታል። ቀስ ልበል ወይስ ልፍጠን፣ የትኛው እንደሚሻላት አላወቅሁም።

"ልቁም? ትንሽ ትረፊ?" አልኳት።

"አይቁሙ" አለችኝ። "አይቁሙ ዶክተር።"

ትንሽ እንደሄድን የሆነ ነገር ጀርባዬን መታኝ። መጀመሪያ ጉልበቷ መሰለኝ። ደገመኝ፤ ከወገቤ ከፍ ብሎ፣ ጥብቅ ባለ ትንሽ ምት። ያኔ ገባኝ። ልጁ ነው። በሁለታችን ልብስ አልፎ ይረግጠኛል።

እሷም እንደተሰማኝ አወቀች። "ይኸውልዎ" አለች። በዚያ ሁሉ ሥቃይ ውስጥ ድምፅዋ ፈካ አለ። "ብርቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው።"

"ብርቱ ነው" አልኳት። "እንደርሳለን።"

ከዚያ በኋላ መንገዱ ባሰ። ከብቶች ውሃ የሚወርዱበት ቦታ ላይ መሬቱ ከላይ እስከ ታች ተበሳስቶ ደርቋል። በየት ልለፍ? ወርጄ ልግፋት ብል ታስረናል። መሪውን ጨምድጄ ይዤ አለፍኩበት። ሳይክሏ ተንቀጠቀጠች፣ ጥርሴ ተጋጨ፣ ባንቺ ከኋላዬ አንዴ ጮኸች።

ከዚያ ወጣን። ብዙ ሄድን። ቦዩ ዳር ያሉት ዛፎች ታዩኝ።

"ቆመ" አለችኝ።

ሞተሩን ያለች መስሎኝ ወደ ታች አየሁ። "አልቆመም፤ እየሄድን ነው። ዛፎቹ ይታዩሻል? እዚያ ነው አምቡላንሷ።"

"እሱ ነው የቆመ" አለች።

 ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደቅድሙ፣ ብዬ ጠበቅሁ። የእሷ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ጉድጓዶች አለፍን፤ እሷም አላቃሰተችም። እኔም ቀስ አላልኩም።

ቦዩ ላይ አምቡላንሷ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ውሃውን ተሻግረው መጡና ተሸክመው አሻገሯት። ሳይክሏን እዚያው ጥዬ አብሬያት ገባሁ። ያለባል፣ ያለዘመድ እንዴት ብቻዋን ትሂድ? አምቡላንሷ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰደችን። ይርዳው ከሆስፒታል የደረሰው ከእኛ በኋላ በሰው ሞተር ነው። ቦዩን በእግሩ ሲሻገር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል፤ አንድ ጫማው የለም።

ኮሪደሩ ላይ አልጋዋ አጠገብ ሁለታችንም ቆመን ሳለ አዋላጇ መጣች። ሆዷ ላይ መሣሪያ እያንቀሳቀሰች ብዙ አዳመጠች። ከዚያ ባንቺን ጠየቀቻት።

"እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተንቀሳቀሰው መቼ ነው?"

ባንቺ ይርዳውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከቤት ስንወጣ ዓይኔን ያላየችው ሴት፣ ያን ጊዜ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

"ትናንት ማታ" አለች።

አፌን ልከፍት ነበር። ዓይኗ ከለከለኝ።

በቀዶ ጥገና አወጡት። ወንድ ነበር። እሷ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ለብዙ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ቆይታ ዳነች። ማህፀኗን ግን ማትረፍ አልቻሉም። ያን ዕለት ልጁን ይርዳው በጨርቅ ጠቅልሎ ተቀብሎ ወጣና ከግቢው አጥር ጥግ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ማታውኑ ሞቶ ነበር አሉ" አለኝ። "እኔ እኮ ሳይክሉ የገደለው መስሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ትሂድ ያልኩ። እናቴ እንቢ ብላ ነበር።"

"እሷ በሕይወት አለች" አልኩት። 

የሆስፒታሉን ዶክተር ለብቻው አግኝቼ ጠየቅሁት። ጉዞው ሊገድለው ይችላል ወይ አልኩት። ምጡ በዚያ ሁኔታ ያን ያህል ጊዜ ከቆየ ልጁ ታፍኖ ይደክማል፣ መንገዱ ብቻውን አይገድለውም፣ ቃሬዛ ብትጠብቁ ኖሮ ሁለቱንም ታጡ ነበር አለኝ። አመንኩት። ግን "ብቻውን" ያላት ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

ለባለቤቴ ስነግራት አለቀሰች። ያቺን ለስላሳዋን ብገዛ ኖሮ ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

"ያቺን ብትገዛ ልጅቷ የት ትቀመጥ ነበር?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። የምትራራዋ ሳይክል ሰው አትጭንም፤ የምትጭነዋ አትራራም። ሦስተኛ ዓይነት በሱቁ ውስጥ አልነበረም። ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ግን ያን የከብት መንገድ አላለሰለሰልኝም።

ከፋሲካ በኋላ ይርዳው ደወለ። ላሙ እንደገና ፈልጋለች። ላለመሄድ ሰበብ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

ሥራዬን ስጨርስ ባንቺ ውሃና ሳሙና ይዛ መጣች። ከስታለች፤ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ይርዳው ላሟን ሊያስገባ ዘወር ሲል እጄ ላይ ውሃውን እያፈሰሰች፣ አንገቷን ደፍታ ተናገረችኝ።

"ዶክተር፣ መንገድ ላይ የሆነውን ለእሱ ነግረውታል?"

"አልነገርኩትም።"

"እንዳይነግሩት" አለች። "እሱ ነው ያስጫነኝ። በሕይወት እንደነበረ ቢያውቅ አይኖርም፤ አውቀዋለሁ። ደህና ሰው ነው። እኔ እችለዋለሁ።"

"አንቺ ብቻሽን?"

"እርስዎም አሉ እኮ" አለች።

ማንቆርቆሪያውን ይዛ ገባች። ይርዳው ተመልሶ መጣ። እንቁላል በጨርቅ ቋጥሮ በግድ እጄ ላይ አኖረልኝ። ትከሻዬን ይዞ ሳመኝ፤ እርስዎ ባይኖሩ እሷንም አጥቼ ነበር አለኝ፣ ልጁስ ማታውኑ የሄደ ነው፣ የእግዜር ሥራ ነው አለኝ።

"የእግዜር ሥራ ነው" አልኩት።

አሁንም በየገበያው ስንገናኝ ሰው መሐል ጠርቶ ያመሰግነኛል፤ ለሚያውቀው ሁሉ ሚስቱን ያዳንኳት እኔ መሆኔን ይናገራል። እኔ ፈገግ እላለሁ። ከሩቅ ሳየው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።