የእትዬ ማሬ ቀለበት ለምን ጠበበ

ቡሬ ገበያ የብር ቀለበት መሸጥ የጀመርሁ ቀን አሠሪዬ ጋሽ ይመር መለኪያ ቀለበቶቹን በሽቦ አሥረው ሰጡኝና፣ «ደንበኛ ስትለካ ዓይንህ ከጣቱ አይነሳ። ፊቱ ዋጋ ለማስቀነስ ይዋሻል» አሉኝ። እስከ ዛሬ የደንበኞቼን ስም እረሳለሁ፤ ጣታቸውን ግን አልረሳም።

እትዬ ማሬ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። የሸጥሁላቸውን ቀለበት በሁለተኛው ወር ጠበበኝ ብለው አመጡት። በሾጣጣው ብረት ላይ እየመታሁ አሰፋሁት። በወሩ ተመለሱ፤ አሁንም አሰፋሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ከጣታቸው አልወጣም ብሎ ነበር፤ ያውም በገበያ ቀን።

«እናንተ ሰዎች! ይህ ሰው የሚሸጠው ቀለበት እንደ ቆዳ ይኮማተራል!»

«እትዬ፣ ብር አይኮማተርም።»

«ታዲያ የወፈርሁት እኔ ነኝ?»

አዎ ማለት ፈራሁ። ሳሙና ቀብቼ ከጀሪካኑ ቀዝቃዛ ውኃ ባፈስስባቸው ጣቶቻቸው መጀመሪያ ነጡ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆኑ። ቀለበቱ በመከራ ወጣ። ጣቱ እንደ ተነፋ ጓንት ነው፤ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ልቆንጥጠው ብል አልያዝ አለኝ። ጫፉ ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ጉድጓድ አለ። የእጅ አንጓቸውን ሲያጥፉ ደግሞ መዳፌ ሥር እንደ አዲስ ጫማ ሲጥ ሲጥ አለ።

«ከበርበሬው ነው» አሉ።

«በርበሬ ያቃጥላል እንጂ ሲጥ ሲጥ አያሰኝም። ፍኖተ ሰላም ሐኪም ይይዎ።»

«ጣትዎ ደህና ነው ቢለኝስ?»

«አዲስ ቀለበት በነፃ።»

ለነፃው ሲሉ ሄዱ። እኔንም ለምስክርነት ጎተቱኝ። ወጣቱ ሐኪም አንጓቸውን ይዞ አጠፈ፣ ዘረጋ። ከዚያ እኔ ብር የምመረምርበትን ማጉያ መነጽር ተውሶ በጥፍራቸው ሥር ያለውን ቆዳ መረመረ። ቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ቦታ ቦታ አብጠዋል፣ ቦታ ቦታ ጠፍተዋል አለ።

«ቆዳ የሚያጠነክር በሽታ ይመስላል፤ ለሳንባዎ ምርመራ ባሕር ዳር እልክዎታለሁ። ቆዳው እንዲህ ቶሎ ሲጠነክርና አንጓው ሲጥ ሲል ግን ኩላሊትም ያሰጋል። የደም ግፊትዎን ቶሎ ቶሎ ይለኩ። ከፍ ካለ ያንኑ ዕለት ይምጡ።»

«ቀለበቱስ?» አሉት እትዬ ማሬ።

«ቀለበቱ ደህና ነው።»

እስከ ቡሬ ድረስ አኮረፉኝ። ግፊታቸውን መለካት ግን አላቋረጡም። አንድ ጠዋት፣ ምንም ሳያማቸው፣ ሽቅብ ወጥቶ ተገኘ። ያንኑ ዕለት ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ፤ በጊዜ ታክመው ኩላሊታቸው ተረፈ።

ዛሬ ቀለበቱን ማተባቸው ላይ አንጠልጥለው «በሽታ የሚያውቅ ቀለበት» እያሉ ያሳያሉ። ከዚያ ወዲህ ንብ የነደፈው ሁሉ ጣቱን ቀስሮ እኔ ዘንድ ይመጣል።

ለጀማሪ ቀለበት ሻጭ የምለው ይህን ነው፦ ቀለበት ደጋግሞ ከጠበበ ሾጣጣውን ብረት አስቀምጥና ጣቱን እይ።