ባለ ሰንሰለቱ ከመጋዘን የወጣ ዕለት

ስልኩ የጮኸው የልጄን ምሳ ስቋጥር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ልጄ በማለዳ ተነስቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደሚያድሱት አሮጌ መኪና፣ ወደ ብረቱ ሄዷል፤ እኔ ልከተለው እየተሰናዳሁ ነው። እዚህ ጀርመን፣ ጊንሃይም ሰፈር ካለው ቤታችን መስኮት ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ማማ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ወገቡ ብቻ ይታያል። እኔ የቀኑን አየር የማውቀው በሱ ነው፤ ጫፉ ከታየ ልብስ ይደርቃል፣ ካልታየ አይደርቅም። የዚያን ዕለት አልታየም።

የደወለችው አንዲት የአስመራ ሴት ናት፤ እኩያዬ። ድሮ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመን የምናስቀድስ፣ አንቺ የምንባባል ሴቶች ነበርን። ሁለቱ አገሮቻችን ድንበር ላይ መዋጋት ከጀመሩ ወዲህ ግን ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም። ገበያ ከተገናኘን እኔም ቲማቲም እመርጣለሁ፣ እሷም ቲማቲም ትመርጣለች፤ ቀና የሚል የለም።

«እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

እርስዎ ስትለኝ ወንበር ፈለግሁ።

«እኔ ነኝ። ደህና ነሽ?»

«ሌላ መንገድ ቢኖር አልደውልም ነበር» አለችና ነገረችኝ። የልጄ ጓደኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት ብረት የሚያድሰው ኤርትራዊ፣ ታናሽ ወንድሙ ግንባር ላይ ወድቋል። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያን ልጅ አዝሎ ያሳደገው፣ ያስተማረው እሱ ነው። በማን ጥይት እንደወደቀ አላለችም። ማለትም አላስፈለጋትም።

«ሽማግሌዎቹ ይሰበሰቡና ባለቤቱን ይዘን እኩለ ቀን ላይ እንደርሳለን። እዚያ ከእናንተ ጋር እንደሆነ ሰምተናል። እስክንመጣ ከዓይንዎ እንዳይጠፋ። ስልክ እንዳያነሳ። ከማንም እንዳይሰማ። አደራ።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ።»

ስልኩን ዘጋችው። እኔም እንባዬን በመዳፌ ጠርጌ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

መርዶ በኛ ዘንድ ዝም ብሎ አይነገርም። ሆዱ ባዶ ለሆነ ሰው አይነገርም፤ ብቻውን ላለ፣ ሥራ ላይ ላለ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፤ ግራና ቀኙን የሚይዙት ይቀመጣሉ፤ ከዚያ አንድ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ይጀምራል። ሐዘንተኛው ከነገረው ሰው ይልቅ የያዙትን እጆች ያስታውሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በዚህ ደግሞ የአስመራም ሆነ የአዲስ አበባ ሰው ልዩነት የለውም።

ባቡር ውስጥ የማስበው ስለ ሽማግሌው ጀርመን ነበር። መጋዘኑ የሱ ነው፤ ብረቱም የሱ ነው። ልጄና ኤርትራዊው ከሚሠሩበት የአውቶቡስ ጋራዥ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ እኔን «ኦማ» ይለኛል፣ አያት ማለቱ ነው፤ እሱ ራሱ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አንድ ቅዳሜ የመጋዘኑ ስልክ ጮኸ፤ አነሳ፣ ሰማ፣ ዘጋ። «እህቴ ሞታለች» አለና ብሩሹን አንስቶ ቀለሙን መቀባት ቀጠለ። እኛ ሦስታችን ዘለን ተነሳን። እሱ ደግሞ በኛ መደንገጥ ደነገጠ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማታ ብቻውን ሲያለቅስ እንዳደረ በኋላ ነግሮናል። ግን ያ ስልክ ዛሬ ከጮኸ፣ ይህ ሰው ካነሳው፣ የሰማውን እንደሰማው ተናግሮት ቁጭ ነው። ስለዚህ ለሱ መንገር አይሆንም አልኩ።

ብረቱ ታንክ አይደለም። ሰዎች ስነግራቸው ታንክ ይሉታል። በጥንቱ ጦርነት ጊዜ መድፍ ይጎትት የነበረ፣ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ፣ አናቱ ክፍት የሆነ መኪና ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ አንድ ገበሬ ከጫካ ግንድ ሲያወጣበት ኖሮ፣ ሲበላሽበት ጎተራ ጥሎት፣ ሽማግሌው ከዚያ አመጣው። ሲመጣ ዶሮ ይተኛበት ነበር። ለምን እንደሚያድሰው ብጠይቀው «ፖስታ ካርድ ከምሰበስብ» አለኝ። የኔ ሥራ የሰንሰለቱን ብረቶች እርስ በርስ የሚያያይዙትን ችንካሮች በነጭ ጋዝ ማጠብ ነበር። ምድጃው አጠገብ ሣጥን ላይ ተቀምጬ፣ የከረመውን ግራሶ በሽቦ ብሩሽ እፈገፍጋለሁ። ያረረ ድስት መፈግፈግ የሚያውቅ እጅ አይቸገርበትም።

መጀመሪያ ሰሞን ፈርቼው ነበር። የስንት እናት ልጅ ከስሩ ይሆን እያልኩ ሰንሰለቱን ስነካ እጄ ይቀዘቅዛል። ኤርትራዊው ነው ያለማመደኝ። ወጣት ሳለ እኛ አገር መንገድ ሥራ ላይ የካተርፒላር ነጂ ነበር። «አደይ» ይለኛል፣ እናቴ ማለት ነው በትግርኛ፤ «አደይ፣ ብረት አይጠላም፤ የሚጠላ የሚነዳው ነው። እኔ ደግሞ ማንን እጠላለሁ፣ ከልጅዎ ምላስ በቀር!» ይለኛል። ጦርነቱ ተነስቶ ሰው ሁሉ ሲለያይ እነሱ ግን ቅዳሜን አላቋረጡም። በየወገናቸው ይሰደባሉ፤ እዚህ ሲገቡ ስለዚያ አያወሩም። ስለ ፍሬን ያወራሉ።

ስደርስ የመጋዘኑ ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለካ ቀኑ ያ ቀን ነው። ሞተሩ ከነሰንሰለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት፣ ብረቱ በራሱ እግር ወደ ግቢ የሚወጣበት። እኔ በመርዶው ምክንያት ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ኤርትራዊው የነጂው ወንበር ላይ ወጥቶ ሁለቱን መሪ ዘንጎች ይፈትሻል። ፊቱ ላይ ግራሶ አለ፤ ጥርሱ ብቻ ይታያል።

«አደይ መጡ! እልልታዎን ያዘጋጁ!»

«መጀመሪያ ቅመሱ እንጂ» አልኩ። «ምግቡ ሳይቀዘቅዝ።»

«ዛሬማ ይህን ሳላወጣ እህል አይወርድልኝም።»

«ለሱ እህል አለመውረድ!» አለ ልጄ ከታች። «ጠዋት የኔን ዳቦ በልቶ ነው የወጣው።»

«ያንተ ዳቦ ዳቦ ነው እንዴ? ጎማ ነው እንጂ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ከዚያ ልጄን እጁን ይዤ ወደ ምድጃው ወሰድኩትና በጆሮው ነገርኩት። ከሰው ፊት ደም ሲሸሽ ይታያል ሲሉ እሰማ ነበር፤ አየሁት።

«መንዳቱ ዛሬ ይቅር እንበለው» አለኝ።

«ምን ብለህ? ለምን ሲልህ ምን ትለዋለህ?»

ወደ ብረቱ ፊት ተመለሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ብረት የሚነዳ ሰው ከፊቱ ያለውን መሬት አያይም፤ አፍንጫው ረጅም ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከፊት ለፊቱ ኋሊት እየሄደ በእጁ ይመራዋል። ነጂው የሚያየው የመሪውን እጆች ብቻ ነው፤ መሪው ደግሞ ጀርባው ያለውን አያይም። ያ መሪ ልጄ ነው። ከበሩ ውጭ ደግሞ ብዙ ሳይርቅ የግንብ አጥር አለ፤ እዚያ ሳይደርሱ መጠምዘዝ አለባቸው።

የግድግዳው ስልክ ጮኸ።

ሽማግሌው እሳት ማጥፊያውን አስቀምጦ ሄደ። እኔ ጉልበቴን አላምነውም እንጂ ቀድሜው በደረስኩ። አነሳ። «ማን?» አለ። ወደ ኤርትራዊው ዞር ብሎ አየ። «አሁን አይችልም፣ እየነዳ ነው» አለና ዘጋው።

«ማነው?» አለ ኤርትራዊው ከላይ።

«አንተን የሚፈልግ ሰው። መልሰህ ትደውላለህ፤ አሁን ሞተር!»

ያን ሽማግሌ በዚያች ሰዓት እግሩን ብስመው ደስ ባለኝ። ሞተሩም ተነሳ። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ ሰማያዊ ጭስ መጋዘኑን ሞላው። ልጄ ከፊት ቆሞ ሁለት እጁን አነሳ። ለወትሮ ሲመራ ይቀልዳል፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ይሆናል። ዛሬ እጁ ደረቅ ነው። እኔ ጭሱን ሸሽቼ ከበሩ ውጭ፣ ከልጄ ጎን ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ሰንሰለቱ አንዴ ቋ አለ። ከዚያ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እነዚያ ያጠብኳቸው ችንካሮች በየተራ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ወደ ታች ይገባሉ። ልጄ ወደ ኋላው ይሄዳል፣ ብረቱ ይከተለዋል። አፍንጫው ከበሩ ወጣ። ብርሃን ነጂው ፊት ላይ ወደቀ፤ ፈገግ እንዳለ ነበር። እልልታዬን የሚጠብቅ ይመስለኛል፣ ዓይኑን ከልጄ እጅ አንስቶ ወደ እኔ አየ።

ፈገግታው ጠፋ። ዓይኑ ግን እኔ ላይ ቀረ።

ልጄ እጁን ወደ ግራ አወዛወዘ፤ ጠምዝዝ ማለቱ ነው። ብረቱ አልጠመዘዘም። እጆቹን አነባበረ፤ ቁም ማለቱ ነው። አልቆመም። ሰውየው አያየውም፤ እኔን ነው የሚያየው። ልጄ በስሙ ጠራው፤ በሞተሩ ጩኸት ማን ይሰማል። ሽማግሌው ከውስጥ ይጮሃል። ልጄ ዞር ብሎ አጥሩን አየ፣ መልሶ ብረቱን አየ፤ ወደ ጎን መዝለል ይችል ነበር፤ ለምን እንዳልዘለለ እስከ ዛሬ ጠይቄው አላውቅም። እጁን እንዳነሳ ቆመ።

ዘንጎቹ ተሳቡ። ብረቱ አፍንጫውን ወደ መሬት ነቀነቀና ቆመ። ከልጄ ጉልበት አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

ሞተሩን አጠፋው። ዝም ሲል ጆሮ ያማል።

«አደይ» አለ ከላይ፤ ቀስ ብሎ። «ነጠላዎን ለማን ነው ያዘቀዘቁት?»

እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። ታች እግሬ ላይ መሆን የነበረበት ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ ጉንጬን ይነካል። ስልኩን ዘግቼ ስደርበው፣ እጄ እናቴ ስታደርግ ያየውን፣ በየለቅሶው ሲያደርግ የኖረውን አድርጓል። እኔ አላወቅሁም። ባቡር ውስጥ ያየኝ ሁሉ ጀርመን ነው፤ ማን ይነግረኛል። ልጄ አላስተዋለም። እሱ አስተዋለ፤ እናቱ እንደዚያው ለብሳ አይቷታልና።

«የኔ ነው ወይስ የናንተ?» አለ።

የኛም ልጆች እዚያው ናቸው። የእህቴ ልጅ በዚያው ግንባር ነበር፤ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ፊቱ ገና ወደ ራሱ ሐዘን አልዞረም፤ ለእኔ ነው ያዘነው። አንድ እግሩን ከወንበሩ አውጥቷል፣ ወርዶ ሊያቅፈኝ፣ እግዜር ያጥናዎ ሊለኝ። የኛ ነው ብዬ ብነግረው እኮ ያምነኛል። አቅፎኝ ይቀመጣል፣ እንባዬን ያብሳል፣ ሽማግሌዎቹም እስኪደርሱ ጊዜው ይሞላል፣ አደራዬም አይበላም። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ግን የሱን ሐዘን በሱ እጅ እንዴት ልጽናናበት? ሌላውን እግሩን ሲያወጣ አየሁ።

«ያንተ ነው፣ ልጄ» አልኩት።

«ትንሹ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

ተመልሶ ተቀመጠና ሁለት እጁን ዘንጎቹ ላይ አደረገ። ከፊቱ ልጄ እንደቆመ ነው፤ ሁለት እጁ እንደተነሳ ቀርቷል።

«እጅህን አውርድ እንጂ» አለው።

ልጄ እጁን አወረደና በሰንሰለቱ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ፤ ከጎኑ ያዘው። እኔም ወጣሁ፤ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ ሽማግሌው ከኋላ ሳይገፋኝ አልቀረም። በሌላው ጎን ያዝኩት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ሽማግሌው ነገሩን ከልጄ በጀርመንኛ ሰማ። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ከመጋዘኑ አውጥቶ ዙሪያውን ደረደረ፤ ሰው ይመጣል ብሎ ማን እንደነገረው እንጃ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ አንዱ ላይ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በሩ ላይ ቆሙ። ባለቤቱ አይታው በሩጫ ገባች። እነሱ ግን አልገቡም፤ ብረቱን ያያሉ፣ ልጄን ያያሉ። የደወለችው ሴት ጥለቴን አየችና ገባት።

«አደራ ብዬዎት ነበር» አለችኝ።

«እሳቸው አልነገሩኝም» አላት እሱ ከላይ። «አየሁባቸው እንጂ። ለወንድሜ ነው ያዘቀዘቁት። ግቡ።»

ከዚያ የራሷን ነጠላ አወረደች፣ ገልብጣ ደረበችው፣ ሣጥን ስባ ከአጠገቤ ተቀመጠች። «ካፖርትሽ ስስ ነው» አለችኝ፤ «ብርድ ይመታሻል።»

ከዚያ በኋላ ኤርትራዊው ብዙ ቅዳሜ አልመጣም። ወገኖቹ ከልክለውታል የሚልም ነበር፣ አይደለም የሚልም ነበር። ብረቱ በቆመበት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ዝናብ ወረደበት። ልጄ ላስገባው ቢል ሽማግሌው እምቢ አለ፤ ያወጣው ሰው ይመልሰው ብሎ። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ የሸራውን ውሃ በመጥረጊያ ያራግፋል፤ ሌላ የሚሠራው የለውም። እኔም አብሬው እሄዳለሁ፤ ምድጃው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ የማጥበው ችንካር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ሸራው ተገፎ አገኘነው። እሱ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሰላም ብቻ አለን። ልጄ ምንም ሳይጠይቅ ሄዶ ከብረቱ ኋላ ቆመ፤ ወደ ውስጥ የሚገባው በኋሊት ነውና። እጆቹን አነሳ።

ሰውየው ወደ ኋላ ከመዞሩ በፊት ነጠላዬን አየ። ጥለቱ ታች ነበር። ሞተሩን አስነሳው።