ሮቢት ላይ ማታ ሁለት ሰው የሚያወራበት ወንበር ጠፋ

ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ከሆቴል በር ላይ ተነስቼ ቤት መግባቴ ነው።

የልጅነት ጓደኛዬ ወደ ደሴ ሲያልፍ «ዛሬ አንተ ጋ አድራለሁ፣ የማማክርህ ነገር አለ» አለኝ። ቤት እንዳናወራ፣ እንግዳ መጣ ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። የሮቢትን ቀን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሙቀቱ ደጅ አያስወጣም። ስለዚህ ማታን ጠበቅን።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሆቴሉ በር ላይ ውሃ ተረጨ፣ ወንበር ወጣ፣ ነፋሻ አየር መጣ። ደስ ሲል! ወዲያው ስፒከሩም ወጣ።

«እትዬ አስካለ፣ እባክዎ ትንሽ ይቀንሱልን» አልኳቸው የሆቴሉን ባለቤት።

«ማዶ ያለው ሆቴል ይቀንስና እቀንሳለሁ። ዝም ያለ ሆቴል ለቅሶ ቤት ነው የሚመስለው፤ ማን ይገባልኛል?»

አስፋልቱን ተሻግሬ ማዶ ያለውን ለመንኩት። «መጀመሪያ እትዬ አስካለ ይቀንሱ» አለኝ። (ሁለቱም የከፈቱት ያው አንድ ዘፈን ነው፤ የሚቀዳደሙት በጩኸቱ ብቻ ነው።)

ከዚያ መብራት ጠፋ። መብራት ጠፍቶ ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

ጓደኛዬ ወንበሩን ጠጋ አደረገና «ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ጥላኝ ወጥታለች» አለኝ።

«ምን ሆናችሁ?» ከማለቴ ማዶ ጀነሬተር ተነሳ። የእኛም ተከተለ። ጓደኛዬ ፈገግ ብሎ በእጁ ተወው አለኝ።

አሁን ሳሎን ውስጥ በጎረቤት ተከቦ እየሳቀ ነው።

በእናንተ ከተማስ ማታ ሰው ከሰው የሚነጋገርበት ቦታ አለ? የሮቢት ልጆች፣ ካወቃችሁ ዛሬውኑ ጠቁሙኝ። ሲነጋ ይሄዳል።