ማርሹን የያዘው መቀነት

ከደባርቅ ተነስተን ሊማሊሞን መውረድ እንደጀመርን ማርሹ ራሱን በራሱ ዘሎ ወጣ፤ ሚኒባሱም ቁልቁል ተለቀቀ። የሚነዳው የበኩር ልጄ ነው፤ እኔ ጋቢና አጠገቡ ነበርኩ። ፍሬን ረግጦ እንደምንም ማርሹን መለሰውና፣ «እማ፣ ያዥው! ከለቀቅሽው ይወጣል፤ ፍሬኑ ብቻውን አይችልም» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

መቀነቴን ፈትቼ የማርሹን ዘንግ ወደ ኋላ ስቤ ከወንበሬ እግር ጋር አሰርኩት። አላመንኩትምና በሁለት እጄም ያዝኩት።

ከኋላ ያሉት ግን ክርክር ገጠሙ። የካምቢዮው፣ ማለት የማርሽ ሳጥኑ፣ ዕቃ ዳባት ላይ የተቀየረው ባለፈው ሳምንት እንደነበር ልጄ ሲነግረኝ ሰምተዋል።

«የቻይና ነዋ! ጃፓን ቢሆን እንዲህ ያዋርደን ነበር?» አለ አንድ የእህል ነጋዴ።

«ጃፓን የምትለውም እኮ እዚያው ቻይና ነው የሚሠራው። አንተ የምትገዛው ካርቶኑን ነው» አለችው አጠገቡ የተቀመጠች ወጣት።

«ኧረ እናንተ ልጆች፣ መጀመሪያ በሰላም እንውረድ» አሉ አንድ ቄስ።

እኔም፣ «የትም ይሠራ፣ አሁን ያለው እኔ እጅ ላይ ነው! ዝም በሉ!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቁ። እኔ ግን በየኩርባው ዘንጉ መዳፌ ውስጥ ሲታገለኝ፣ «እመቤቴ፣ ልጄን አደራ» እላለሁ።

ታች ሜዳው ላይ ቆመን ሞተሩ ሲጠፋ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ። ልጄ ነው አንድ በአንድ ያላቀቃቸው።

«በቃ እማ፣ ልቀቂው። ደርሰናል።»

ወርጄ መሬቱን ረገጥኩት። መቀነቴ ግራሶ በግራሶ ሆኗል፤ ይሁን። ልጄ ደህና ነው፣ ሰዉም ሁሉ ደህና ነው። ተርፈናል።