ሆኪ የወሰደው የእሑድ ሰዓታችን

በደሉ ይታወቅልኝ። የሲያትሉ ሬዲዮ ጣቢያ የሆኪ ቡድን ጨዋታዎችን የማስተላለፍ መብት ገዛና፣ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ቡሪየን እኔ ቤት ተሰብስበን የምንሰማውን የእሑድ የአማርኛ ፕሮግራም ሳይነግረን አነሳው።

የሆኪው ጩኸት በሐሳብ ወደ ልጅነቴ፣ ወልቂጤ አባቴ ሱቅ መለሰኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ጅባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ከአንዲት ሬዲዮ ተረት ሲያዳምጥ፣ አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ «ኳስ ክፈትልኝ፤ የባትሪ ድንጋዩን እኔ እገዛለሁ» አለ።

አባቴ የሬዲዮዋን ድምፅ ጨመረና፣ «ድንጋይ የገዛ ሁሉ ሰው ያስነሳል እንዴ?» አለው። ማንም ሳይነሳ ለምን እንደተቆጣ ያኔ አልገባኝም።

ዘንድሮ ገባኝ። ሰዓታችን እንዲመለስ የልጅ ልጄን ጣቢያው ጋ በየሳምንቱ ኮል አስደረግኳት። በመጨረሻ የጣቢያው ኃላፊ ያለችውን ተረጎመችልኝ፦

«እማማ፣ የሚሰማው ሰው ያለ አልመሰለንም ትላለች። ከእኛ በፊት ማንም ደውሎ አያውቅም።»