ሐቢባ የቆለፈችው ጌም

ሐቢባ ጁባ ከተማ፣ ጉዴሌ የሚባል ሰፈር ውስጥ የስልክ ጥገናና የጌም መጫኛ ሱቅ ከከፈተች ስምንት ዓመቷ ነው። በጁባ ውድ ኢንተርኔት ጌም አውርዶ የሚጫወት ስንት ሰው አለ? እሷ አንዴ ታወርዳለች፣ ያልገዛው እንዳይከፍተው የተቆለፈ ከሆነም ቁልፉን ትሰብራለች፣ ከዚያ ለሰፈሩ ሁሉ በፍላሽ ትጭናለች። ታዲያ ይቺ ቁልፍ ሰባሪ የራሷን ጌም ስትሠራ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቆለፈችው እንጂ!

ጌሙ የቦዳ ነው፣ የሞተር ታክሲ። ነጂው የጉዴሌን ጭቃ አልፎ፣ አንድ የተሰበረ ድልድይ ተሻግሮ «ጁባ ና ባሪ» የሚባለው ሰፈር እናቱ ቤት መድረስ አለበት። ሦስት ዓመት ለፍታበታለች። ጌም ጫኟ ደግሞ ጌም ሠሪ ሆነች ብለው እንዳይስቁባት በሌላ ስም ኢንተርኔት ላይ ለሽያጭ አወጣችው። የራሷን ስም ያስቀመጠችው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው፣ እዚያ ለደረሰ ሰው። ቁልፉም እንደ ትልልቆቹ ይሁን ብላ፣ ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ኢንተርኔት ገብቶ መገዛቱን እንዲያጣራ አደረገችው። ጉዴሌ ውስጥ ኔትወርክ ሲኖር ነዋ!

በስድስት ወር የገዛው ሰባት ሰው ነው። ከሰባቱ መጨረሻው ድረስ የዘለቀ አንድም የለም። ገንዘቡስ ይቅር፤ እሷን ያንገበገባት ያንን የእናት በር ሲከፈት ያየ ሰው መጥፋቱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የስልክ መስታወት ልትገዛ «አማራት» የሚባለው ሰፈር ወዳለው የሙጂብ ሱቅ ሄደች። ሙጂብ እሷ ጋ ሙያ ለምዶ የወጣ ነው። በሩ ላይ የቦዳ ነጂዎች አንድ ስልክ ከበው ይንጫጫሉ። አንገቷን አስግጋ ብታይ የራሷ ጭቃ፣ የራሷ ሞተር! ኔትወርክ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ማፊ ነው፣ ጭራሽ የለም። ቁልፉ ተሰብሯል ማለት ነው። ደሟ ፈላ። ሌባ ልትል አፏን ስትከፍት ስልኩን የያዘው ሰውዬ ድልድዩ ጋ ደረሰና ቃሉ እዚያው ቀረ።

ወደቀ። ተነሣ። ደግሞ ወደቀ። ነጂዎቹ ሞተር ላይ ያሉ ይመስል አብረው ወደ ጎን ይጋደማሉ፤ ሐቢባም ሳታውቀው አብራ ተጋደመች። ፍጥነት ቀንስ ልትለው አሰኝቷት ምላሷን ነከሰች። በሦስተኛው ሞተሩ ዘለለ፣ ተሻገረ፣ መንገዱ በጩኸት ተናጋ። የእናትየው በር ተከፈተና ጽሑፍ መጣ፦ የጉዴሌዋ ሐቢባ ሠራችው።

ከነጂዎቹ መሀል ሆኖ ሲያይ የነበረው ሙጂብ አንብቦ ቀና ሲል ከፊቱ ቆማለች። ላብ አጠመቀው። ያንቺ መሆኑን ባውቅ ወላሂ አልነካውም ነበር እያለ ይምል ይገዘት ጀመር። እንዴት እንደሰበረው ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ።

«አንቺ ባስተማርሽኝ መንገድ ነው» አላት።

ሐቢባ ሳቋ አመለጣት። ለስንት ሰው እንደጫነው ብትጠይቀው መቁጠሩን ከተወው ቆይቷል። በደስታ እንባዋ መጣ፤ ስልኳን አውጥታ ሰጠችው።

«በል ለኔም ላክልኝ» አለችው፤ «የኔው ያለ ኔትወርክ አይከፈትም።»