ፋንቱ ምድጃውን ያጠፋችበት ቀን

ካምፓላ ውስጥ የሐበሻ ምግብ የምናበስል ሴቶች ብዙ ነን። ግማሾቻችንን ያስተማረችን ፋንቱ ናት። ትምህርቴን በልጅነቴ ስላቋረጥኩ፣ እኔ ከእሷ ሌላ አስተማሪ ነበረኝ ማለት አልችልም። ከደሴ በናይሮቢ በኩል ስትመጣ እዚህ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ኪኩቦ ገበያ ወርዳ ሽንኩርት ስትገዛ በጣቷ ነበር የምትከራከረው። ዛሬ በአገሩ ቋንቋ በሉጋንዳ ስትቆጣቸው ነጋዴዎቹ እየሳቁ ጥሩ ጥሩውን ይመርጡላታል።

ኮሎሎ ሰፈር ባለው የተስፋጽዮን ምግብ ቤት አብረን ስንሠራ፣ ታምሜያለሁ ብላ ቀርታ አታውቅም። እኔ ደክሞኝ ከተቀመጥኩ፣ "ተነሺ አንቺ፤ ወገብሽ የሚያርፈው ሲገንዙሽ ነው" ትለኛለች።

በፋሲካ ማግስት ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ፋንቱ ቀኝ ጎኗን ከጎድን አጥንቷ ሥር ይዛ ቆመች። ሁላችንም ምክንያቱን ያወቅነው መሰለን። ያን ሁሉ ጊዜ በሽሮና በጎመን የቆየ ሆድ ድንገት ቅቤና ዶሮ ሲገባበት ያመዋል፤ በየዓመቱ የምናየው ነው።

"ፋንቱ፣ ዶሮዋን ብቻሽን ጨረስሻት እንዴ?" አላት ተስፋጽዮን።

በርበሬ ልታደርስ የመጣችው ረምዚያ ደግሞ፣ "እኛ ማታ ማታ እናፈጥራለን፤ እናንተ ሁለት ወር ሙሉ ሆዳችሁን አስርባችሁ በአንድ ቀን ትገድሉታላችሁ!" ብላ አሳቀችን።

ተልባ በጠበጥንላት። ጠጣችው፤ ወዲያው አስመለሳት። ከሰዓት በኋላ እሳቱ አጠገብ ቆማ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር።

"ትንሽ ጋደም በይ፣ ነገ ይለቅሻል" አላት ተስፋጽዮን።

"ስማኝ" አለችው። "ጾም ስፈታ ሆዴን አሞኝ ያውቃል። ብርድ አንቀጥቅጦኝ ግን አያውቅም። ይሄ ሌላ ነው፤ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።" እጇን ዘርግታ ምድጃውን አጠፋችው።

"አዳራሹ ሙሉ ሰው ነው እኮ!"

"እንግዲያው ዳቦ ስጣቸው።"

ቦዳ የሚሉት ሞተር ሳይክል እንዳያንገላታት ብዬ ስፔሻል ሃየር፣ የኮንትራት ታክሲ ማለት ነው፣ ጠራሁ። ሆስፒታል ስንደርስ የወባ ምርመራው ምንም አላሳየም። ወጣቷ ኡጋንዳዊት ሐኪም ጎኗን ጫን ስታደርገው ፋንቱ ከሕመሙ የተነሣ ትንፋሿ ቁርጥ አለ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጠጠር የሐሞት ከረጢቷን መውጫ ዘግቶት፣ ከረጢቱ አብጧል። የደም ግፊቷም ወርዷል። "ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ሳይገባ አልቀረም" አለችን ሐኪሟ። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ከሁለቱም ክንዶቿ ደም ቀዳች።

"ምነው፣ አንዱ ክንዴ አይበቃትም?" አለችኝ ፋንቱ በደከመ ድምፅ።

"የትኛው ጀርም እንደሆነ ለመለየት ነው ትላለች።"

"ትውሰድ እንግዲህ። ስሙ ይታወቅ።"

ከዚያ በኋላ ሰው መለየት አቃታት፤ እኔን በእህቷ ስም ጠራችኝ። በቆዳዋ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከረጢቱ ውስጥ የታጎረውን መግል አወጡ። እኔ የሚሆነው ይሆናል ብዬ የምኖር ሰው ነኝ፤ ብዙ ሰው ቀብሬያለሁ። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬም ደሴ ላሉት እህቶቿ እንዴት እንደምነግራቸው ነበር የማስበው።

የደሟ ውጤት ሲመጣ ጀርሙ ተገኘ። የጀመሩላት መድኃኒት የማይነካው ዓይነት ስለነበር ሌላ ለወጡላት። ትኩሳቷ ወረደ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና፣ "ምን ታፈጥጫለሽ? ሥራ የለሽም?" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም።

አቅሟ ሲመለስ ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና አወጡላት። ከሆስፒታል የምትወጣ ዕለት ሐኪሟ ልትሰናበተን መጣች።

"ብዙ ሰው የሚመጣው ከረፈደ በኋላ ነው" አለችኝ። "እስከ ማግስቱ ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እኔ እንጃ። ለመሆኑ እንድትመጣ የወሰነው ማነው? ባሏ ነው?"

ፋንቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታጠልቃለች። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ነው፤ የተማረ ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋል። ያን ቀን ግን አልጠፋም። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ፣ "ራሷ ናት የወሰነችው!" አልኩ።